የእነሱ ድመት፣ የእኛ ጅብ



ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከገጽ ወደ ገጽ እየዞረ ነው። ከላይ የጥቁር ድመት ፎቶ አለ። ከሥሩ ደግሞ አንድ የሮም ጳጳስ ድመት ሁሉ ይገደል ብለው አዘዙ፣ ድመት ሲያልቅ አይጥ በዛ፣ አይጥ ሲበዛ ወረርሽኝ ገባ፣ አውሮፓም አለቀች ይላል። አምስት ስድስት የሚሆኑ ተማሪዎቼ በውስጥ መስመር ልከውልኝ «ቲቸር፣ እውነት ነው እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ። አንዱማ «ፈረንጅም ለካ እንደኛው ነበር» ብሎ ሳቁን አስከትሎበታል። ለእያንዳንዱ ለየብቻ ከምመልስ አንዴ እዚሁ ልጻፈው ብዬ ነው። ልጁ የተጠቀማትን «እንደኛው» የምትል ቃል ግን ልብ በሉልኝ፣ እመለስባታለሁ። ይረዝማል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ ቁጭ በሉ።

መጀመሪያ የጳጳሱን ጉዳይ እንጨርስ። ጎርጎርዮስ 9ኛ የሚባሉ የሮም ጳጳስ እ.ኤ.አ. በ1233 ወደ ጀርመን አገር ደብዳቤ ልከዋል (ከዚህ በኋላ የፈረንጅ ታሪክ ሳወራ ዓመቱን በፈረንጅ አቆጣጠር ውሰዱት)። ደብዳቤው በላቲን «ቮክስ ኢን ራማ» በሚለው መነሻ ቃሉ ይታወቃል። መናፍቃን በስውር ይሰበሰባሉ የሚል ክስ ደርሷቸው ነበርና የተወራውን ሁሉ ዘርዝረውታል። አዲስ ገቢው መጀመሪያ እንቁራሪት ይስማል፤ ቀጥሎ የገረጣ፣ አጥንቱ የቀረ ሰው ይመጣል፤ በመጨረሻ ከአንድ ምስል ላይ ጥቁር ድመት ጭራዋን አቁማ የኋሊት እየተራመደች ትወርድና ሁሉም በየተራ ይስሟታል። ወሬው ይህ ነው። ድመት ይገደል የሚል ትእዛዝ ግን ደብዳቤው ውስጥ የለም። የታዘዘው በሰዎቹ ላይ እንዲነሡ ነው። ያ «ጥቁሩ ሞት» የሚባለው ወረርሽኝ ደግሞ አውሮፓ የገባው በ1347 ነው። ከደብዳቤው 114 ዓመት በኋላ ማለት ነው። በ114 ዓመት ውስጥ ስንት ድመት እንደሚወለድ እናንተው አስሉት። በዚያ ላይ በሽታው የሚተላለፈው በቁንጫ ነው፤ ድመትም ራሷ ይይዛታል። ይህን ታሪክ ፈተና ላይ ብትጽፉልኝ ዜሮ ነበር የምሰጣችሁ።

እንዲህ ስል የአውሮፓ ድመት ተመችቷት ኖረች ማለቴ አይደለም። በፓሪስ በቅዱስ ዮሐንስ በዓል በሚነደው ደመራ ላይ ድመቶችን በከረጢት ከትተው ይሰቅሉ ነበር። ዛሬ ቤልጂየም ውስጥ ባለችው ኢፐር በምትባል ከተማ ደግሞ ከማማ ላይ ድመት ወደ አደባባይ ይወረወር ነበር። ነፍስ ያላት ድመት ለመጨረሻ ጊዜ የተወረወረችው በ1817 ነው፤ አሁን በበዓሉ የሚወረወረው የአሻንጉሊት ድመት ነው፣ ሕፃናት ይሻሙበታል።

ለእኔ ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያስተምረው ግን አንድ ትንሽ ችሎት ነው። እንግሊዝ አገር፣ በኤሴክስ ግዛት፣ ቼልምስፎርድ በምትባል ከተማ በ1566 ሦስት ሴቶች በጥንቆላ ተከሰሱ። አንደኛዋ ኤልሳቤጥ ፍራንሲስ ለችሎቱ ተናዘዘች፤ ከአያቴ የወረስኳት ነጭ ዝንጉርጉር ድመት ነበረችኝ፣ ስሟም «ሰይጣን» ነው፣ እንጀራና ወተት እያበላሁ በቅርጫት አኖራት ነበር አለች። (እንጀራ ያልኩት ዳቦውን ነው፣ ይቅር በሉኝ።) ዓመታት ካኖረቻት በኋላ ድመቷን ለጎረቤቷ ለአግነስ ዋተርሀውስ በአንድ ኬክ ለወጠቻት። አግነስ ስልሳ ዓመት ያለፋት ባልቴት ናት። እሷም በተራዋ የጎረቤት ላም የሞተው፣ ዝይ ያለቀው በዚህች ድመት ነው ብላ ተናዘዘች። ሰቀሏት። ልብ ካላችሁ ድመቷ ጥቁር እንኳ አልነበረችም፣ ነጭ ዝንጉርጉር ናት። ድመቷንም ችሎት ፊት ያቀረባት የለም። ተከሳሿ ሴትዮዋ ናት፤ ድመቷ ማስረጃ ብቻ ናት፤ ያውም ማንም ሊመረምረው የማይችል ማስረጃ። ላም ሞተ፣ ባልቴቷ ድሃና ብቸኛ ናት፣ ድመት አለቻት፣ በቃ። አውሮፓ ውስጥ ከ1450 እስከ 1750 ባለው ጊዜ በጥንቆላ ተከሰው የተገደሉት ሰዎች ከ40 ሺህ እስከ 60 ሺህ ይገመታሉ፤ አብዛኞቹም ሴቶች ናቸው።

ያቺው ድመት ሌላ አገር ብትወለድ ምን ትሆን ነበር? በጥንታዊት ግብፅ ባስቴት የምትባል አምላክ የድመት ራስ ነበራት። ሄሮዶቱስ እንደጻፈው የቤት ድመት ስትሞት ቤተሰቡ ለኀዘን ቅንድቡን ይላጭ ነበር። ዲዮዶሮስ የሚባለው የግሪክ ጸሐፊ ደግሞ አንድ ሮማዊ ሳያስበው ድመት በመግደሉ ሕዝብ ወጥቶ ሲገድለው በዓይኔ አየሁ ይላል። ይህን የሰሙ ሰዎች «የጥንት ሰው እንዴት ቅዱስ ነበር» ሲሉ እሰማለሁ። እኔ ግን የሟቹ ሮማዊ ነገር ያሳዝነኛል፤ ድመት የምትመለክበትም ድመት የምትቃጠልበትም አገር መጨረሻው ሰው መሞቱ አልቀረም። በኋላ የእነዚያ የተገነዙ የግብፅ ድመቶች ዕጣም አስቂኝ ነው፤ በ1890 ገደማ ወደ 19 ቶን የሚሆን የድመት ሬሳ በመርከብ ሊቨርፑል ገብቶ ለማዳበሪያ ተሽጧል። አምላክ የነበረችው ለድንች ፍግ ሆነች እንበል።

በእስልምና ድመት ንጹሕ ናት፤ ከነቢዩ ባልደረቦች አንዱ የሚታወቀው «አቡ ሁረይራ» በሚለው ስም ነው፣ የድመቷ አባት እንደማለት። ጃፓኖች እጇን ያነሣች ድመት ሱቃቸው በር ላይ ያስቀምጣሉ፣ ደንበኛ ትጠራለች ብለው። ጥቁር ድመት መንገድ ካቋረጠችህ ክፉ ነው የሚለው አባባል በብዙ የአውሮፓ አገርና በአሜሪካ አለ፤ ብዙ እንግሊዛውያን ግን ያችኑ ጥቁር ድመት ገደ መልካም ናት ይላሉ። አንድ እንስሳ፣ አንድ ቀለም፣ ሁለት ምልኪ። የዛሬ የከተማ ልጆች ጥቁር ድመት ሲያዩ «ውይ!» የሚሉት ነገር ደግሞ እኔ እንደሚመስለኝ ከፊልም የመጣ ነው፤ እኛ ስናድግ በገጠሩ ይህን አልሰማንም።

እኛ ጋ የሰማነው ምን ነበር? የእኛ ድመት ስሟ «ውሮ» ነው፤ ያንዱም ውሮ፣ የሌላውም ውሮ። ሥራዋ ጎተራ መጠበቅ ነው። እዚህ ፍኖተ ሰላምና ቡሬ አካባቢ በቆሎና ጤፍ የማይገባበት ቤት የለም፤ እህል ባለበት አይጥ አለ፤ አይጥ ባለበት ውሮ ትፈለጋለች። ጎረቤት ድመት ካረገዘች ግልገሏን አስቀድሞ «ለእኔ» የሚል ይበዛል። ድመት የገደለ ሰው እጁ ይንቀጠቀጣል ይሉን ነበር ትልልቆቹ፤ እኔ ይህን እምነት እወደዋለሁ፣ ማንንም አይጎዳም፣ ጎተራውንም ያተርፋል። ሌላው የድመት ፀጉር የዋጠ አስም ይይዘዋል የሚለው ነው። ይኸኛው ግማሹ እውነት አለው። ከድመት ምራቅና ቆዳ የሚወጣ ነገር የአስም ሕመም ያለበትን ሰው ሊያስነሣበት ይችላል። አንድ ፀጉር ከወተት ጋር በመዋጡ ጤነኛ ሰው አስመኛ አይሆንም። አስም ያለበት ልጅ ቤት ውስጥ ካላችሁ ሐኪም ጠይቁ፣ ድመቷን ግን አትደብድቧት።

ከተረትና ምሳሌው ደግሞ «ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ» የምትለዋን የማያውቅ የለም። (ማንኩሳ እዚሁ አጠገባችን ያለች ከተማ ስለሆነች ከዚያ የሚመጡ ተማሪዎችን ክፍል ውስጥ በዚች ተረት የሚያበሽቅ ልጅ በየዓመቱ አይጠፋም ነበር። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ከዚያው ከማንኩሳ እንደሚነሣ ስነግራቸው ነበር የሚረጋጉት።) ይህቺ የመነኮሰች ድመት የእኛ ብቻ እንዳትመስላችሁ። ደቡብ ሕንድ፣ ማሃባሊፑራም በሚባል ቦታ በ7ኛው መቶ ዓመት የተቀረጸ ትልቅ ዓለት አለ። እዚያ ላይ አንዲት ድመት በኋላ እግሮቿ ቆማ፣ የፊት እጆቿን እንደ ባሕታዊ ወደ ላይ ዘርግታ ትታያለች፤ ሥሯ አይጦች አሉ። በአረብኛው «ከሊላ ወዲምና» መጽሐፍም የምትጾም የምትጸልይ ድመት ዳኛ ሆና ተሟጋቾቹን ትበላቸዋለች። ተረት ከነጋዴ ጋር ይጓዛል፤ በየት በየት ዞሮ ጎጃም እንደደረሰ ማን ያውቃል።

እንግዲህ ልብ በሉ። የእኛ ድመት በተረታችን ተንኮለኛ ናት፣ ሌባ ናት፣ ግብዝ ናት። ጠንቋይ ግን አይደለችም። ሌሊት ሰው ሆና አትዞርም፣ ሰውም እሷን ሆኖ አይዞርም። ለምን? እኛ ፈረንጆቹ ከነበሩበት ነገር ነፃ ስለሆንን ነው?

አይደለም። ያንን ሥራ እኛ አገር የያዘው ሌላ እንስሳ ስለሆነ ነው፤ አያ ጅቦ።

ናትናኤል ፒርስ የሚባል እንግሊዛዊ ከ1805 ጀምሮ ለብዙ ዓመታት ትግራይ ኖሯል፤ የጻፈው ማስታወሻ ከሞተ በኋላ በ1831 ታትሟል። አብሮት የነበረው ዊልያም ኮፊን ያጫወተው ነገር በዚያ መጽሐፍ አለ። ኮፊን ቡዳ ነው የሚባል አንድ አገልጋይ ነበረው። አንድ ቀን ወደ ማምሻው ልጁ ፈቃድ ጠየቀና ሄደ። ወዲያው ሌሎቹ አሽከሮች «እዩት፣ እዩት፣ ጅብ እየሆነ ነው!» ብለው ጮኹ። ኮፊን ዞር ሲል ልጁ የለም፤ ቁጥቋጦ እንኳ በሌለበት ሜዳ ላይ መቶ እርምጃ ያህል ርቆ ትልቅ ጅብ ሲሮጥ አየ። ልጁ በማግስቱ ተመለሰ፤ ሲያሾፉበትም አልካደም ይላል ኮፊን። ፒርስ ደግሞ ጆሯቸው ላይ የወርቅ ጉትቻ ያደረጉ ጅቦች ተገድለው ተገኙ የሚል ይጨምርበታል። ሁለት የተማሩ የሚባሉ እንግሊዛውያን፣ የአግነስ ዋተርሀውስ አገር ልጆች፣ ይህን በቁም ነገር ጻፉት። እኔ ታሪኩን ሳነብ የሚታየኝ ጅቡ አይደለም። ከሥራ ጓደኞቹ መሀል ተነጥሎ «ቡዳ» የተባለው፣ ሲያሾፉበትም መካዱ እንደማያዋጣው የገባው ልጅ ነው የሚታየኝ።

አሁን ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። በአውሮፓ ተረት ሌሊት አንዲት ድመት ቤት ትገባለች፤ ሰውየው በመጥረቢያ እግሯን ይላታል፤ ጠዋት የጎረቤት ሴት እጇን በጨርቅ ጠቅልላ ትገኛለች። በእኛ ገጠር ደግሞ ሌሊት ጅብ በረት ይገባል፤ ሰውየው በጦር ይወጋዋል፤ ጠዋት ቀጥቃጩ እያነከሰ ይወጣል። ይህንኑ ከላህ ወንዝ ማዶም፣ ከፈጣም ማዶም፣ በአንድ ዓይነት አነጋገር ሰምቼዋለሁ፤ ሁልጊዜም የሆነው «ሌላ ቀበሌ» ነው። እንስሳውን ለውጡት እንጂ ታሪኩ ቃል በቃል አንድ ነው። ቀጥቃጭ ደግሞ ቀኑን ሙሉ በእሳትና በመዶሻ መሀል የሚውል ሰው ነው፤ ያላነከሰ፣ ያልተቃጠለ፣ ያልተላጠ ቀጥቃጭ ከየት ይመጣል?

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ነገሩ ያለው እዚህ ነውና። ሰው «ተበላ» ሲባል ምን እንደሚደረግ አብዛኞቻችሁ አይታችኋል። የታመመው ይጮኻል ወይም ይስቃል ወይም ዝም ይላል። ጤና አዳም ያሸቱታል፣ ነጭ ሽንኩርት ያቀርቡለታል፣ ጢስ ያጥኑታል። ከዚያ ጥያቄው ይጀምራል፤ «ማን ነህ? የት ያዝከው? ምን ሲበላ አየኸው?» በሽተኛው እስኪመልስ ይጠየቃል። ሲመልስም በራሱ ስም አይመልስም፤ «እገሌ ነኝ» ይላል። ያቺ ስም ከዚያ ቤት ወጥታ በመንደሩ ትዞራለች። ስሟን ማን ሰጠ? በሽተኛው እንዳትሉ። የከበቡት ሰዎች ከጥያቄው በፊት የሚጠረጥሩትን ያውቃሉ፤ በሽተኛውም ያውቃል፤ ከሕፃንነቱ ጀምሮ እነማን «ዓይናቸው እንደሚበላ» ሲነገረው ያደገ ነው። ከሰባቱ የቀበሌው ባለርስት አንዱም አይጠራም። የሚጠራው ሸክላ ሠሪዋ፣ ቀጥቃጩ፣ ሸማኔው፣ ፋቂው ነው። በቼልምስፎርድም ዳኛው ይጠይቃል፣ ሴትዮዋ ትመልሳለች፤ መልሱ ግን ከጥያቄው በፊት አገር ያወቀው ነበር።

ሌላም ጉዳት አለ። የእኛ አካባቢ የወባ አገር ነው። ክረምት ወጥቶ እስከ ኅዳር ድረስ ልጅ በትኩሳት ይቃዣል፣ ይወራጫል። ወባ ጭንቅላት ላይ ሲወጣ በሰዓታት ውስጥ ነው የሚገድለው። ማጅራት ገትርም፣ የሚጥል በሽታም ያስጮኻሉ። ጢስ ሲጢስና «ማን ነህ?» ሲባል የሚያልፈው ጊዜ የልጁ ጊዜ ነው። ጸበልም ቢሆን እምነታችሁ ነው፣ አልነካውም፤ በአንድ እጃችሁ ጸበሉን፣ በሌላው እጃችሁ የጤና ጣቢያውን መንገድ ያዙ እላለሁ።

አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ስም አልጠራም፣ ትምህርት ቤቱንም አልናገርም። ካስተማርኳቸው መካከል እናቷ ሸክላ ሠሪ የሆነች ልጅ ነበረች። ጎበዝ ነበረች፤ በታሪክ ትምህርት ደብተሯን ሌሎቹ እየተዋሱ ይገለብጡ ነበር። ደብተሯን ይዋሳሉ፣ ምሳዋን ግን አብሯት የሚበላ የለም። እሷ ስትመጣ የምሳ ዕቃ ክዳን ይገጠማል። አንድ ጠዋት ሰልፍ ላይ አንዲት ተማሪ ራሷን ስታ ወደቀችና ጮኸች፤ ከበቧት፣ «ማን ነህ?» አሏት፤ የዚያችን ልጅ ስም ጠራች። በማግስቱ ሌሎች ሦስት ልጆች ወደቁ። የጠሩትም ያንኑ ስም ነው። እኔና ሁለት መምህራን እቤታቸው ድረስ ሄደን ነበር። እናቷ ምጣድ እያለሰለሰች ነበር፤ እጇን እንኳ ከሥራው አላነሣችም። «ለእኔም አያት እንዲሁ ብለዋቸው ነበር» አለችን፣ ሌላ ምንም አልጨመረችም። ልጅቷ ከሁለተኛው መንፈቅ ዓመት በፊት ወደ ሌላ ከተማ፣ ዘመድ ዘንድ ሄደች። የወደቁት ልጆች በሁለት ሳምንት ድነው ወደ ክፍል ተመለሱ።

በ1782 ስዊዘርላንድ ውስጥ፣ ግላሩስ በሚባል ግዛት፣ አና ገልዲ የምትባል የቤት ሠራተኛ የአሠሪዋን ትንሽ ልጅ አሳመመች፣ መርፌ አስተፋቻት ተብላ በሰይፍ ተገደለች። አውሮፓ ውስጥ በጥንቆላ ክስ ከተገደሉት የመጨረሻዎቹ አንዷ እሷ ናት። የታመመች ሕፃን፣ የተጠረጠረች ድሃ ሴት፣ ማንም ያላየው ሥራ። የግላሩስ ምክር ቤት በ2008 ንጹሕ ናት ብሎ ወሰነላት፤ ከ226 ዓመት በኋላ። ያች የኔ ተማሪ ምን ምክር ቤት ይወስንላታል?

ለምን ቀጥቃጭ? ለምን ሸክላ ሠሪ? ብዙ ተጽፏል፤ እኔ የሚያሳምነኝ የመሬቱ ነገር ነው። የጎጃም ሰው ማንነቱ ርስቱ ነበር። አባትህን ቆጥረህ፣ አያትህን ቆጥረህ መሬት ላይ ትደርሳለህ። የእጅ ባለሙያው ግን በብዙ ቦታ ርስት አልነበረውም፤ የሚኖረው በእጁና በገበያው ነው። የዘር ሐረጉን ማንም ስለማይቆጥርለት ሰው የፈለገውን ሊሞላበት ይችላል። በዚያ ላይ የሚያስፈራ ዕውቀት አለው፤ ከድንጋይና ከእሳት ብረት ያወጣል። ይህ የእኛ ብቻ አይደለም። በማሊ የማንዴ ሕዝቦች ዘንድ፣ በሰሃራ በቱዋሬጎች ዘንድም ቀጥቃጭ ይፈለጋል፣ ይፈራል፣ አይጋቡትም።

ቃላችን ራሱ ይመሰክራል። «ጠይብ» ስድብ ነው አይደል? ሥሩን ፈልጉት፤ «ጠቢብ» ነው። ጥበብ ያለው ማለት። ሸማኔው በነጠላው ዳር የሚያገባውን ጌጥም «ጥበብ» ነው የምንለው። ጥበቡን ለብሰን ጠቢቡን እንሰድባለን።

ዐፄ ምኒልክ ይህ ነገር ለሥልጣኔ እንቅፋት እንደሆነ ገብቷቸው በ1900 ዓ.ም. ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን፣ ሌላውንም ባለሙያ በሥራው የሚሰድብ እንደሚቀጣ በአዋጅ አስነግረዋል። አዋጁ ጥሩ ነው፣ ግን አዋጅ ጓዳ አይገባም። ከዚያ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ መጣ። ስለ ደርግ ብዙ የምለው አለኝ፣ ጥሩ ያልሆነውንም ጭምር። በዚህ ጉዳይ ግን ያ አዋጅ ሥሩን ነክቶታል፤ ርስት ያልነበረው ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ጎረቤቱ መሬት ማግኘት ቻለ። መሬቱ ደረሰው። ምሳ ግን እስከ ዛሬም አብሮት የማይበላ አለ።

ጅቡስ? ጅቡ ምን አደረገ? ሐረር ሂዱ። እዚያ ጅብ በምሽት ከሰው እጅ ሥጋ ይበላል፤ በዓሹራ ቀን ገንፎ ይቀርብለታል፣ አበላሉ ታይቶም የመጪው ዓመት ሁኔታ ይተነበያል። ጅብ ጂኒ ይበላል፣ ከተማውን ያጸዳል ይላሉ። ያው ጅብ ነው፤ ጎጃም ቡዳ የሚሆነው ሐረር ቡዳ አባራሪ ነው። ትግራይ ውስጥ የተደረገ፣ በ2012 የታተመ አንድ ጥናት ደግሞ አለ፤ በዐቢይ ጾም ሰው ከሥጋ ሲከለከልና የከብት ትራፊ ሲጠፋ ጅቦቹ አህያ ወደማደን ይዞራሉ። ተመራማሪዎቹ ይህን ያወቁት ዓይነ ምድሩን ሰብስበው፣ በውስጡ የተገኘውን ፀጉር እየለዩ ነው። የጅብን ምስጢር እንዲህ ነው የሚያወጡት፤ ጠዋት ማን እንዳነከሰ በማየት አይደለም።

ስለዚህ «ፈረንጅም ለካ እንደኛው ነበር» ላልከኝ ልጅ፤ አዎ፣ እንደኛው ነበር። «ነበር» የምትለዋን ግን እነሱ ጋ ተዋት፣ እኛ ጋ ገና አልደረሰችም።

አሁን ወደ ሥራ። የፍኖተ ሰላምን፣ የቡሬን፣ የማንኩሳንና የአካባቢውን የእጅ ባለሙያዎች ስም እየመዘገብኩ ነው። ስለ አካባቢያችን ደጃዝማቾችና ፊታውራሪዎች የተጻፈ ብዙ አለ፤ ይህን ሁሉ እህል ያሳረሰውን ማረሻ ማን ማን እንደቀጠቀጠው ግን አንድ ገጽ አላገኘሁም። አባታችሁ ማረሻውን ከማን ነበር የሚገዙት? እናታችሁ የሚያደንቋት የምጣድ ሠሪ ማን ነበረች? ከየትኛው ገበያ? በየትኛው ዘመን? ስሙን፣ የአባቱን ስም፣ የሠራውን ዕቃና ቦታውን በውስጥ መስመር ላኩልኝ። ልጆቻቸው ከሆናችሁና ስሙ ባይወጣ ከመረጣችሁ እሱንም ንገሩኝ፤ ያለፈቃድ የማወጣው ስም የለም። እስካሁን አርባ አንድ ሰው መዝግቤያለሁ፤ ከነዚህ ውስጥ ሴቶቹ ዘጠኝ ብቻ ናቸው፣ ሸክላ የሠሩት ደግሞ ከሞላ ጎደል ሁሉም ሴቶች ናቸውና በዚያ በኩል ያለው እጅግ ይጎድለኛል። አያት ያላችሁ ዛሬውኑ ጠይቁ።